ታፔላው የወረደ ሰሞን

ኮልፌ ቀራንዮ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሎጊያ ከከባድ መኪና ሥር ተኝተህ ብሎን ለምትፈታው ለአባዬ፤

እንዴት ነህ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ በጣም ደህና ነን። እኔ የመንፈቁን ፈተና ጨርሻለሁ፤ ውጤቱ ሲመጣ እንደምትኮራብኝ ከአሁኑ ላሳውቅህ፣ ፊዚክስን ሳይጨምር። እማዬም ደህና ናት። ይህን ደብዳቤ ጻፊ አላለችኝም፤ ተዪውም አላለችኝም። መቼስ ታውቃታለህ፣ ዝም ካለች ፈርማለች ማለት ነው።

ወረቀቱን የሚያደርስልህ ኑሕ ነው፤ የሐጂ ዩሱፍ የእህት ልጅ፣ ጅቡቲ የሚመላለሰው ሹፌር። "በስልክ ብትነግሪው አይሻልም?" ብሎኝ ነበር። ሞክሬዋለሁ አልኩት። እሑድ እሑድ ለእኔ ብቻ ስትደውል፣ ስለ ትምህርቴ ስናወራ ድምፅህ ጎረቤት ያለህ ያህል ይሰማል፤ "ማኅበሩ" ማለት ስጀምር ግን ኔትወርኩ ይቆራረጣል። አንዲት ቃል ለይቶ የሚጠላ ኔትወርክ ያለው እናንተ ዘንድ ብቻ ነው። ወረቀት አይቆራረጥም። ስለዚህ እጅህን ከግራሶው ታጠብና ተቀመጥ፤ ሳትጨርሰው መልስ አትስጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥምቀት ያለፈ ሰሞን አንድ ጠዋት ወላጆች የልጆቻቸው መኪና የት እንደደረሰ ለማየት አንተ የሠራኸውን የማኅበሩን፣ የጎህ የተማሪዎች ሰርቪስን፣ ገጽ ሲከፍቱ ካርታው የለም። በካርታው ፋንታ የሴት ታኮ ጫማ ወጣ። በእንግሊዝኛ፣ ከነቅናሹ። ሁለት ልጆቿን በእኛ ሚኒባስ የምትልከው ሳምሪ ለእማዬ ደወለችላት።

"አንቺ ተሻለች፣ መኪናሽ ጫማ ቤት ገባ እንዴ?"

ረፋድ ላይ የእማዬ ስልክ እንደ ካውያ ግሎ ነበር። ትምህርት ቤቶቹም ለማኅበሩ ኢሜይል የላኩት ሁሉ ተመልሶባቸዋል። በዚህ መሐል ሊቀ መንበሩ አቶ ይገዙ ኮሚቴውን ጠሩ። አዎ፣ አሁንም ሊቀ መንበር ናቸው። ለእማዬም "ያቺ ልጅሽ ኮምፒውተር ታውቃለች ይባላል፣ ይዘሻት ነይ" አሏት። እንዲህ ሆኖ ነው ጦር ኃይሎች አጠገብ ባለችው በማኅበሩ ኮንቴይነር ውስጥ፣ ከሽማግሌዎች መካከል፣ የዩኒፎርም ሹራቤን እንደለበስኩ የተገኘሁት።

አቶ ይገዙ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ስብሰባውን ከፈቱ። ሲከፍቱት ግን ፍርዱን አስቀድመው ይዘውት ነበር።

"መኳንንት ማኅበራችንን ለጫማ ነጋዴ ሸጦታል።"

አባዬ፣ እዚህ ላይ አትነሣ። ተቀመጥ። እኔም ተቀምጬ ነው የሰማሁት።

በስልኬ ፈተሽኩት፤ የጊዜ ጉዳይ እንጂ የምሥጢር ጉዳይ አልነበረም። "አልተሸጠም" አልኳቸው። "ዶሜይኑ፣ ማለትም ወላጆች ስልካቸው ላይ የሚጽፉት አድራሻ፣ በዓመት በዓመት ይታደሳል። ዘንድሮ አልታደሰም። የማሳደሻው ማስታወቂያ የሚላከው በአባዬ የድሮ ኢሜይል ነው፤ እሱን ደግሞ የሚከፍተው የለም። ያልታደሰ አድራሻ ላይ መዝጋቢው ድርጅት ያገኘውን ማስታወቂያ ይለጥፍበታል። ጫማው ከዚያ ነው የመጣው።"

"በዓመት በዓመት?" አሉ ሐጂ ዩሱፍ። "እንደ ቦሎ ነዋ።"

"ልክ እንደ ቦሎ፣ ሐጂ።"

"ታዲያ መኪናው የት ሄደ?"

"መኪናውማ አለ። ካርታውም፣ የተማሪዎቹም ዝርዝር፣ ሁሉም ባለበት ቆሟል። ሞተሩ ይሠራል። የወረደው ታፔላው ነው። ታፔላ የሌለው ታክሲ ፌርማታ ላይ ቢቆም ማን ይሳፈርበታል?"

ሃያና ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጡ ሰዎች ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚህ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ አንተ ለእኔ ስታስረዳኝ ግን ግማሽ ክረምት ፈጅቶብሃል።

አቶ ይገዙ ግን አልተበገሩም። ከጃኬታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የታሸገ ወረቀት አወጡ። "ይህ ምንድን ነው ታዲያ?" አሉ። ያ ውክልና ነበር። ከማኅበሩ ያስወጡህ ዕለት ያስፈረሙህ፣ ተመዝግቦ ማኅተም የተመታበት ውክልና። እኛ አገር መኪና የሚሸጠው እንዲሁ አይደል፤ ገዥው ውክልናውን ኪሱ ከትቶ ይነዳል፣ ሊብሬው በሻጩ ስም ይቀራል። የአቶ ይገዙ የራሳቸው ሚኒባስ ሊብሬ እስከ ዛሬ የአንድ የነቀምት ሰውዬ ስም አለበት። ሰውየው ይኑሩ ይለፉ አያውቁም። እና ዶሜይኑንም በዚያው ሥርዓት ነው የተረከቡት። አነበብኩት። "ድረ ገጹን እንዲያስተዳድሩ፣ እንዲሸጡ፣ እንዲለውጡ፣ በየዓመቱ አስመርምረው ቦሎ እንዲያስለጥፉ" ይላል። የውክልናው ጸሐፊ የመኪናውን ቅጽ ገልብጦ "ተሽከርካሪ" የሚለውን ብቻ ነው የቀየረው። አንድ ቦታ ደግሞ ረስቶታል፤ የሻንሲ ቁጥር ክፍት ነው።

"ላኪላቸው" አሉ አቶ ይገዙ።

ስካን አድርጌ ለመዝጋቢው ድርጅት ላክሁ። በማግሥቱ ኮንቴይነሩ ውስጥ እንደገና ተሰብስበን ሳለ መልስ መጣ፤ ይቅርታ፣ ጥያቄው መምጣት ያለበት ከባለቤቱ አካውንት ነው ይላል።

"ማኅተሙ ስላልታያቸው ነው። በከለር ላኪው።"

በከለር ላክሁት። መልሱ ያው ሆነ፤ ብቻ በዚህኛው "ውድ ይገዙ" ብሎ ይጀምራል። አቶ ይገዙ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አስነበቡኝ።

"ውድ ብሎኛል። ሰውየው ሊረዳን ፈልጓል፤ አለቃው ይዞት ነው።"

"ማሽን ነው አቶ ይገዙ" አልኳቸው።

"ማሽን ውድ ይላል? ቢሯቸው የት ነው? ነገ በማለዳ ሄጄ በራቸው ላይ እቀመጣለሁ።"

"ውጭ አገር ነው።"

"ቦሌ ቅርንጫፍ የላቸውም?"

"የላቸውም።"

"ቅርንጫፍ ሳይኖረው እንዴት ድርጅት ይባላል" አሉና ሐጂን አዩአቸው። ሐጂ ጣሪያውን ያዩ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያሳቀኝን ነው የጻፍኩልህ። አሁን የማያስቀውን ልጻፍ። ድርጅቱ የሚጠብቀን እስከ የካቲት ሚካኤል ነው። እስከዚያ ካልታደሰ አድራሻው ይለቀቃል፤ ከዚያ በኋላ የፈለገ ሰው፣ እውነተኛ ጫማ ነጋዴም ቢሆን፣ ሊወስደው ይችላል። አቶ ይገዙ በዚህ አጀንዳ አገኙ። አድራሻው ሌላ እጅ ከገባ ሸጦታል ማለት ነው፣ የመኳንንት መኪና ከስምሪት ይወጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ አሉ። ያ የአንተ መኪና፣ አሁን እማዬ የምታሠራው፣ የእኛ እንጀራ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የኮሚቴው ጸሐፊም እስክሪብቶውን አነሣ።

እማዬ ቦርሳዋን ዘጋች። የቦርሳዋ ቁልፍ ቀጭ ሲል ኮንቴይነሩ ውስጥ ከማኅተም በላይ ይሰማል።

"አቶ ይገዙ፣ አምና ሳትጠይቁት አወጣችሁት። ዘንድሮም ሳትጠይቁት ልታወጡን ነው። መጀመሪያ ጠይቁት።"

ጠይቁት ማለት እንግዲህ ሽማግሌ ይላክ ማለት ነው። ሽማግሌ ሞልቷል፤ ከሽማግሌ በቀር ሌላ የለም ክፍሉ ውስጥ። ሎጊያ የሚሄድ ሽማግሌ ግን ጠፋ። አንዱ ጉልበታቸው፣ አንዱ ስኳራቸው፣ አቶ ይገዙ ደግሞ ግፊታቸው። "ያ ሙቀት ግፊት ላለበት ሰው አይሆንም፣ ሐኪም ከልክሎኛል" አሉ። ሐኪሙ ሎጊያን በስም ጠርቶ መከልከሉ ገርሞኛል።

"እርስዎን የሚከብድዎ ሙቀቱ አይደለም" አሏቸው ሐጂ ዩሱፍ፣ ቀስ ብለው። "ከደረሱ በኋላ የሚሉት ነገር ነው።"

አንተ መኪኖቹን ሁሉ ካርታ ላይ ስታወጣ የአቶ ይገዙ ሚኒባስ በመውጫ ሰዓት፣ ተማሪዎቹ በር ላይ ተሰልፈው ሳሉ፣ ጠጅ ቤት ደጃፍ ቆሞ መታየቱን ያልሰማ ወላጅ የለም። አጥፋው ሲሉህ አላጠፋም አልክ፤ ሰላይ ነው ተብለህ ተባረርክ። ይህን ማንም አላነሣም። ማንም ሳያነሣው አቶ ይገዙ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ፣ "እኔ እኮ ጎማ ፈንድቶብኝ ነው" አሉ።

ስምንት ወር ሙሉ ይዘዋት ኖረዋል ማለት ነው። አባዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘኑኝ። ለአጭር ጊዜ ብቻ።

"ልጅቷ ትጻፍለት" አሉ ሐጂ፤ ስብሰባው በዚህ ተበተነ።

አሁን አትቆጣና አንድ ነገር ልበልህ። የእነሱን ጥፋት ጽፌ የአንተን ብተው አድልዎ ይሆናል። ማስታወቂያው ወር ሙሉ ወደ ኢሜይልህ ሲላክ ነበር። ማኅበሩን ተቆጥተህ ኢሜይልህንም ሲምህንም ጥለህ ሄድክ፤ ታፔላው ሲወርድ ግን ያረፈው የእማዬ መኪና ላይ ነው። ሚስቱን የጎዳ መስሎት የሚል ተረት አለ፤ ቀሪው ለአባት አይጻፍም። ደግሞ ያን ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ኢሜይል ማሰርህ ራሱ ስህተት ነው። ቁልፉን ለአንድ ሰው የሰጠ ጋራዥ ሰውየው ሲታመም ይዘጋል፤ ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አስተማሪዬን በትምህርቱ መያዜ ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅህም።

ቤት ስንገባ የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። የመዝጋቢው ድርጅት የይለፍ ቃል ረሳሁ ስለው ወደ ኢሜይልህ ላከኝ። ኢሜይልህን ረሳሁ ስለው ደግሞ ወደ ድሮው ስልክህ ኮድ ልላክ አለኝ። እንግዲህ አለቀ ብዬ ላፕቶፑን ልዘጋ ነበር። የማይሠራበት ቁጥር ይዘጋል፣ ይህኔ ቁጥርህ ሌላ ሰው ጋር ነው። ይህንኑ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፣ ለግድግዳው።

እማዬ ሽንኩርቱን አስቀመጠች፤ እጇን ታጠበች። ከቦርሳዋ ያቺን ትንሿን ባለ ቁልፍ ስልክ አወጣች። ሁለት ስልክ የምትይዘው አንዱ ለዕቁብ ነው ብዬ አስብ ነበር። አይደለም አባዬ። ያንተ ሲም ነው ውስጡ ያለው። በየወሩ ካርድ ትሞላበታለች፤ እንዳይዘጋ ለሳምሪ እየደወለች "ሰላም ነው? በቃ" ብላ ትዘጋለች። ሳምሪ ይህን ሁሉ ወር ምን እንዳሰበች አላውቅም።

"ላክ በይው" አለችኝ።

ላክ አልኩት። ስልኳ ጢን አለች። እማዬ ስልኳን ከዓይኗ አራቅ አድርጋ ቁጥሮቹን አየች፤ ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ ናቸው። አንብቢልኝ እያልኩ ስጠብቅ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በፊቷ ደፋቻት።

"አይሆንም" አለች። "ሰው በሌለበት ቤት አይገባም።"

"እማዬ፣ ኮዱ በአሥር ደቂቃ ይሞታል።"

"ይሙት። ሌላ ይልካሉ።"

"ቤተሰብ ነን እኮ። ከሌላ ሰው አልሰረቅንም።"

"እነ ይገዙም ውክልና አለን ነው ያሉት። ሳይጠይቁት አወጡት፤ እኛ ደግሞ ሳንጠይቀው ገብተን ከፍተን፣ አድሰን፣ አስተካክለን፣ ሁሉ አልቋል አትምጣም ልንለው ነው? ጠይቂው።"

ተከራከርኩ። እኔ እንደምከራከር ታውቃለህ፤ ያንተው ዘር ነው። በመጨረሻ ግን እኔም ላፕቶፑ ላይ፣ እሷም ሽንኩርቷ ላይ፣ ኮዱ እስኪሞት ጠበቅን። "አትምጣም ልንለው" ያለችውን ሰምቻለሁ። እንደሰማሁ አላወቀችም መሰለኝ፤ ሽንኩርቱ ያን ዕለት ከልክ በላይ ደቀቀ።

እስከዚያ ሥራ አልቆመም፤ ልጅህ እዚህ አለች። ለወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቼ ሹፌሮቹ ያሉበትን ቦታ ከዚያ እንዲልኩ አድርጌአለሁ። ሽማግሌዎቹን ማስተማር ግን መንጃ ፈቃድ ከማውጣት ይከብዳል። አንዱ የቆሙበትን ቦታ ይላኩ ስላቸው የራሳቸውን ፎቶ ላኩ፤ ከኋላቸው ግድግዳ ብቻ ነው የሚታየው። ከሁሉ የገረመኝ ግን አቶ ይገዙ ናቸው። ማንም ሳይጠይቃቸው በየቀኑ በመውጫ ሰዓት፣ ከሁሉም ቀድመው፣ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ሆነው ሎኬሽናቸውን ይልካሉ። ከሥሩ ምንም አይጽፉም። ትናንት ደግሞ ለእኔ ለብቻዬ ላኩልኝ። ምን ላድርገው ብዬ ሐጂን ብጠይቃቸው ሳቁ። "ይቅርታ ከአፉ የማይወጣለት ሰው እንዲህ ነው" አሉኝ። "ለአባትሽ ንገሪው።"

ነገርኩህ።

አሁን የምፈልገውን ልንገርህና ልጨርስ። አንደኛ፣ በአካውንትህ እንድገባ ፍቀድልኝ። ማሳደሻውን የሐጂ ልጅ በዶላር ካርዱ ይከፍላል፤ ተነጋግረን ጨርሰናል። ከዚያ አድራሻው በማኅበሩ ስም ይዛወራል፤ በውክልና ሳይሆን በእውነተኛው መንገድ። ሁለት ሰው ይመዘገብበታል፣ ሁለት ኢሜይል፣ ሁለት ስልክ፤ አንዱ ሲቆጣ ሌላው እንዲኖር። አቶ ይገዙ አንዱ እኔ ልሁን ብለው ኢሜይልዎን ስላቸው የልጃቸውን የቤት ቁጥር ሰጡኝ፤ ስለዚህ አንዱ ሐጂ ዩሱፍ ናቸው። ሁለተኛውን ክፍት ትቼዋለሁ። የኮሚቴው ጸሐፊ ማን እንበል ሲለኝ ቆይ መልስ እየጠበቅሁ ነው ብዬዋለሁ። እንደምትፈቅድ አልጠራጠርም፤ አንተ ታፔላው የወረደ መኪና አይተህ የምታልፍ ሰው አይደለህም።

ፈቃድህን ግን በኑሕ አትላክብኝ፤ በእሑድ ስልክም ለእኔ አትንገረኝ። ኮዱ የሚመጣው በዚያች ትንሿ ስልክ ነው፤ ስለዚህ በድሮው ቁጥርህ ደውል። ከሥራ መልስ ክፍት ናት። የምታነሣው እማዬ ናት። ስለ ዶሜይኑ ነው በላት፤ እሷም ስለ ዶሜይኑ ነው የምታነሣው። ሁለታችሁም ሥራ ላይ ናችሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አላውቅም፤ ጆሮዬንም ከበሩ አነሣለሁ። ምናልባት።

የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ከምትተኛበት መኪና ሥር በሰላም ያውጣህ፤ ክሪኩን ያጽናልህ፣ ጥላ የሌለበትን ቀን ያሳጥርልህ። ውኃ ጠጣ።

የምትወድህ ልጅህ
ማራኪ መኳንንት
የጎህ የተማሪዎች ሰርቪስ ማኅበር የዶሜይን ኃላፊ (ራሴን በራሴ የሾምኩ፣ ቃለ ጉባኤ ያልተያዘበት)

ሳልጽፍ የቀረሁት፦ ስጽፍ እማዬ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል፤ ሁሉንም አንብባዋለች፣ ስለ ካርዱ የጻፍኩትንም። ሰርዢው አላለችኝም። ቁጥሩን ከታች ልጻፍለት ወይ ስላት "የራሱን ቁጥር አይረሳም" ብላኝ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ሄደች።